በእባብ የተነሳ ቤት ለቀቅሁ

ሰው «ከወንድምሽ ቤት ለምን ወጣሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ አልዋሽም። በእባብ ምክንያት ነው። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ «አዑዙ ቢላህ» ብሎ ፊቱን ያዞራል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ መምጣት ያቆማል። ያቁም! ለናንተ ግን ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ከሰማችሁ በኋላ እንደፈለጋችሁ ፍረዱ።

ዘሀራ እባላለሁ። ያኔ የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ነበርኩ። ደሴ ልብስ ስሰፋ ኖሬ አሜሪካ የመጣሁት ታላቅ ወንድሜ አስመጥተውኝ ነው። ጋሼ ሁሴን በአሥራ ስድስት ዓመት ይበልጡኛል፤ አባታችን ሲሞት እንደ አባት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የምነግራችሁን ስትሰሙ እንዳትሳሳቱ ነው። ነገር ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ ስድስት ዓመት ስኖር «እሺ ጋሼ» ከማለት ሌላ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እንግዳ ሲመጣ እኔ አበስላለሁ። የዘመድ ልጅ የሠርግ ቀሚስ ሲጠብ እኔ አሰፋለሁ። ባለቤታቸው ፋጡማ ሰው ፊት «ዘሀራማ ምን ሥራ አላት፤ ባል የላት፣ ልጅ የላት» ትላለች። እኔም እውነት መስሎኝ አብሬ እስቃለሁ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ እየሄድኩ ሆም ኬር፣ ማለትም አረጋውያንን በቤታቸው መንከባከብ፣ እሠራ ነበር። የምንከባከባቸው ሚስ ሩት የሚባሉ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ናቸው። የሳይንስ አስተማሪ ነበሩ። ልጅ የላቸውም፤ ያላቸው ኦሊቭ ናት። ኦሊቭ እባብ ናት። አንድ ሰው በካርቶን አድርጎ የሕንጻው ላውንድሪ ክፍል ጥሏት ሄዶ፣ ሚስ ሩት ናቸው አንስተው ያስገቧት። ያኔ ጣት ታህል ነበር አሉ። ሲያስፈራሯት ኳስ ትሆናለች፤ ጭንቅላቷን መሐል ደብቃ ትጠቀለላለች። መርዝ የላትም። ይህን ሁሉ የሚነግሩኝ እሳቸው ናቸው እንጂ እኔ መጀመሪያ ላይ የመስታወት ሳጥኗ ባለበት ክፍል ቫኪዩም ሳደርግ እንኳ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ለመድኩ። የእጄን ሙቀት ፈልጋ ክንዴ ላይ ስትጠመጠም ልቤ መምታት የተወው በስንት ወሩ ነው። ምግቧን ግን የሚሰጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ፍሪዘር ውስጥ በከረጢት የተቀመጡ፣ ፀጉር ያላወጡ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህሉ አይጦች ነበሩ። እነሱን አውጥተው ሲያሟሙ እኔ ወደ ኩሽና እሸሻለሁ።

በኅዳር ወር አንድ ሰኞ ጠዋት ሚስ ሩት ሻወር ቤት ወድቀው አገኘኋቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል። አምቡላንስ መጥቶ ሲያወጣቸው፣ በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ሆነው እጄን ጨብጠው የተናገሩት ስለ ራሳቸው አልነበረም።

«ዘሀራ፣ ኦሊቭን አደራ።»

እኛ ዘንድ አደራ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ደንበኛዋ ሆስፒታል ከገባች እኔ ወደዚያ ቤት መግባት አልችልም፤ የመሥሪያ ቤቱ ሕግ ነው። ስለዚህ በዚያው ቀን የመስታወት ሳጥኑን፣ ማሞቂያ ምንጣፏን፣ የፍሪዘሩን ከረጢት፣ እሷንም ጭምር በራይድ ጭኜ ሲልቨር ስፕሪንግ ወሰድኩ። ቤት ሰው አልነበረም። ሳጥኑን ከአልጋዬ ጀርባ አስቀምጬ በፎጣ ሸፈንኩት። ከረጢቱን በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ፋጡማ ፍሪዘር ውስጥ ከሥጋው ሥር ወሸቅሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ማታ አሟሙቼ ስሰጣት ኦሊቭ ከአይጦቹ አንዷን ዋጠች። ወዲያው ግን ሌላ ትፈልግ ጀመር። ሁለተኛ ሰጠኋት፤ ዋጠች። ሦስተኛም። በማግስቱ ሌላ ደንበኛ ዘንድ ሥራ ውዬ ስመጣ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ እየገፋች ከጥግ ጥግ ትሄዳለች። በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን እንዲሁ ነው። ያኔ ነው ዓይኔን ገልጬ ያየኋት፤ ይቺ እባብ ጣት አይደለችም፣ ክንዴን ልታህል ምን ቀራት! ሚስ ሩት ዓይናቸው ደክሟል፤ ኦሊቭ ስታድግ እሳቸው ያንኑ የሕፃን ምግብ ሲሰጧት ከርመዋል። ተርባለች ማለት ነው።

እንግዲህ አጥፍቼ ነበር የምላችሁ እዚህ ጋ ነው። ለሚስ ሩት መደወል ሲገባኝ ኦፕሬሽን ላይ ናቸው ብዬ አልደወልኩም። ሐሙስ ዕለት የእንስሳት ዕቃ የሚሸጥበት አንድ ሱቅ አሌክሳንድሪያ ገባሁ። ሻጩ ክንዱን ሙሉ ተነቅሷል፤ ፈጣን ሰው ነው።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አንድ ዓመት ከምናምን።»

«እንግዲያው ትልቅ አይጥ ስጫት። በሕይወት ያለ። አድና ስትበላ ደስ ይላታል፤ ቶሎም ታድጋለች።»

ምን ያህል ትመዝናለች፣ ምን ያህል ትወፍራለች ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም የማውቀው ነገር ስላልነበረ «እሺ» አልኩ፤ እሺ ማለት ለምጄ የለ! አይጡን በካርቶን አድርጎ ሰጠኝ። ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ባቡር ውስጥ ጭኔ ላይ ካርቶኑን ሲቧጭረው ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አንዴ እኔን አንዴ ካርቶኑን እያየ ክሪስታል ሲቲ ጣቢያ ስንደርስ ወንበር ቀየረ።

ከሰዓት አሥር ሰዓት ገደማ ነው። አይጡን ወደ ሳጥኑ ለቀቅሁት። ከኦሊቭ ወገብ ይልቅ የሱ ይወፍራል። ጠበቅሁ። ኦሊቭ አንገቷን አቀናች፣ ምላሷን አወጣች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። ፈርታለች። እኔ ግን «ትጀምራለች፣ ትጀምራለች» እያልኩ ቆምኩ። ኳስ ሆና ተጠቀለለች። አይጡ ሳጥኑን ዞረ፤ መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ጀርባዋ ላይ ወጣ። ከዚያ ነከሳት። አንዴ አይደለም። እሷ ጭንቅላቷን ደብቃ ዝም ብላለች፤ አትጮኽ ነገር እባብ ድምፅ የላት። የጮኽኩት እኔ ነኝ።

የምጣድ ማውጫ ጓንት አድርጌ አይጡን ለመያዝ ስታገል ነው ጋሼ ሁሴን ደረጃውን የወረዱት። ፋጡማ ከኋላቸው። አይጡን እንደምንም ካርቶኑ ውስጥ መልሼ ክዳኑ ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሼ መስታወቱን አዩ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«እባብ ነው ጋሼ።»

«እባብ መሆኑንማ አያለሁ! ቤቴ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«አደራ ነው። የሚስ ሩት ናት። ሆስፒታል ገብተው ነው።»

«ከነገ ወዲያ ለሰሚራ ሽማግሌ ይመጣል። የተከበረ ሰው ልጄን ሊጠይቅ በሬን ሲያንኳኳ፣ ከሥር እባብ እናረባለን ልበለው?»

ፋጡማ ደረጃው ላይ እንደቆመች ዓይኗ ጠበበ። «ዘሀራ፣ ፍሪዘሬ ውስጥ ያለው ጥቁር ፌስታል ምንድን ነው?»

ዓይኔን ወደ ኦሊቭ ሰደድኩ። የእባቧ ምግብ መሆኑን ተረዳችው። የዚያን ቀን የጮኸችውን ጩኸት ጎረቤቶቹ ዛሬም ሳያስታውሱት አይቀሩም። እውነት ለመናገር ጩኸቷ ይገባት ነበር።

ጋሼ ግን አልጮኹም። እሳቸው ሲናደዱ ድምፃቸው ይቀንሳል። «አሁኑኑ አውጥተሽ ጓሮ ጣይው» አሉ።

«ብርድ ነው፤ ትሞታለች።»

«ትሙታ።»

ኦሊቭ ጀርባ ላይ ያለውን ደም አየሁ። ያንን ያመጣሁባት እኔ ነኝ። ምንም አላጠፋችም፤ ያጠፋሁት እኔ፣ የማትችለውን ያስገባሁባት እኔ። አሁን ደግሞ እኔው ራሴ ወደ ብርድ ልጥላት?

«አልጥላትም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አልጥላትም አልኩ። ሰምተውኛል።»

በስድስት ዓመት ውስጥ በዚያ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጋሼ እንደማያውቁት ሰው አዩኝ። «እንግዲያው ከሷና ከዚህ ቤት አንዱን ምረጪ። እስከ ነገ ማታ» አሉና ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። ፋጡማ ተከትላቸው ስትወጣ «ታዲያ ቅዳሜ ማን ሊያበስል ነው?» ስትል ሰማኋት።

ወላሂ፣ ያቺ ቃል ባትኖር ኖሮ ምናልባት እለማመጥ ነበር።

በማግስቱ ዓርብ ስልኬን ይዤ የእንስሳት ሐኪም ፈለግሁ። ሁለቱ «እባብ አናይም» አሉኝ። ሦስተኛዋ፣ አሌክሳንድሪያ ያለች ሐኪም፣ «ነይ» አለችኝ። ኦሊቭን በትራስ ልብስ አድርጌ፣ በተበሳ ሳጥን ውስጥ ከትቼ፣ በጋቢ ጠቅልዬ ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጸጉሯን ከኋላ አሥራለች። ቁስሉን ስታጥብ እጇ አይቸኩልም።

«ማን ነው በሕይወት ያለ አይጥ የሰጣት?»

ሻጩን ልከስስ አፌን ከፍቼ መለስኩት። «እኔ ነኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። እባብ አይጥን ይበላል እንላለን እንጂ አይጥም እባብን እንደሚበላ ማንም አይነግረንም። ቁስሉ ጥልቅ አይደለም፤ ትድናለች። ስሚኝ፤ ሦስት ነገር ብቻ ያዢ።»

ያስተማረችኝን እንዳለ ልንገራችሁ፤ እናንተ ባትፈልጉት ልጃችሁ አንድ ቀን ይፈልገው ይሆናል። የእባብ ምግብ ውፍረቱ ከራሷ ከእባቧ ወፍራሙ ቦታ መብለጥ የለበትም። ክብደቱ በኦሊቭ ዕድሜ ላለች ከክብደቷ አንድ አሥረኛ ገደማ ይሆናል። በሕይወት ያለ ደግሞ በፍጹም አይሰጣትም፤ ሞቶ በፍሪዘር የቀዘቀዘውን ገዝቶ ማሟሟትና ማሞቅ ነው። ትልቅ ከሆነ ወይ ትፈራዋለች፣ ወይ ውጣ መልሳ ትተፋዋለች፣ ትጎዳለችም። ትንሽ ከሆነ ደግሞ ስትበላ እየዋለች ትራባለች። ስለዚህ ባደገች ቁጥር እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

ኦሊቭን ሚዛን ላይ አወጣቻት። ሦስት መቶ ስድሳ ግራም። «ለዕድሜዋ ከስታለች» አለች። እኔ ደግሞ ከቦርሳዬ የልብስ ሜትሬን አውጥቼ ወፍራም ወገቧን ለካሁ። ሐኪሟ ሳቀች። «ይኼን በሜትር የለካ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ሃያ ዓመት ሰው ስለካ ኖሬያለሁ» አልኳት።

«ቁስሉ እስኪደርቅ አሥር ቀን ምንም አትስጫት። ከዚያ አርባ ግራም የማይሞላ ለጋ አይጥ ስጫት። ላትቀበልሽ ትችላለች፤ ተነክሳለች፣ ፈርታለች። እምቢ ካለች አታስገድጃት።»

ከዚያ ወጥቼ እመንገድ ዳር ቆሜ ክፍል የሚያከራዩ ሐበሾች ጋ ደወልኩ። ለሁሉም መጀመሪያ የነገርኳቸው እባብ እንዳለኝ ነው። መደበቅ በቃኝ ብያለሁ። አንዱ ሳቀና ዘጋው። አንዷ «እየቀለድሽ ነው?» አለች። ፔትዎርዝ የሚባል ሰፈር ያለ አንድ ሰውዬ ጸሎት ሊያደርግልኝ ጀመረ። አምስተኛዋ እዚያው አሌክሳንድሪያ ያሉ እትዬ አስካለ የሚባሉ ባልቴት ናቸው።

«ይናከሳል?» አሉኝ።

«አይናከስም እትዬ።»

«ሟቹ ባሌ ይናከስ ነበር፤ እሱን ሠላሳ ዓመት ችያለሁ። ነይ።»

ማታ ቤት ተመልሼ ኩሽና ገባሁ። የቅዳሜውን ወጥ ሠራሁ፤ ዶሮውን፣ ቀዩን፣ አልጫውን፣ ሁሉንም። ለፋጡማ ብዬ አይደለም። የወንድሜ ልጅ ሰሚራ ምንም አላጠፋችም። እሷው መጥታ አቀፈችኝ፤ እንደ ልማዷ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ «አክስቴ፣ ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ጎ፤ የግድ መሄድ የለብሽም» አለችኝ። «ፈልጌ ነው የምሄደው» አልኳት። እየተናገርኩ እውነት መሆኑን ሰማሁት። ጋሼ ሳሎን ተቀምጠው ሻንጣዬን ሳወጣ ቀና አላሉም። ፎጣ ያልለበሰውን የመስታወት ሳጥን ይዤ በፊት ለፊታቸው አለፍኩ፤ በጓሮ በር መውጣት እችል ነበር። አልወጣሁም።

አሥሩ ቀን እንዴት እንደረዘመ አትጠይቁኝ። አሌክሳንድሪያ እትዬ አስካለ ቤት ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጠዋት ጠዋት ቁስሏን አያለሁ። በአሥረኛው ቀን ደረቀ። ወደዚያው ሱቅ ሄድኩ። ሌላ ሱቅ መሄድ እችል ነበር፤ ሆን ብዬ ነው።

ሻጩ አወቀኝ። «እንዴት ናት? ወደደችው?»

«ነክሷታል። ሐኪም ዘንድ ነው የወሰድኳት።»

ትከሻውን ነቀነቀ። «አንዳንዴ ይሆናል። ትለምደዋለች። አሁንም ትልቁን ብትወስጂ ይሻላል፤ እኔ ቤት አሥር እባብ አለኝ፣ አውቃለሁ።»

«አሥር ይኑሩህ። የኔን ግን የለካኋት እኔ ነኝ» አልኩት። ፍሪዘሩን ከፍቼ ሜትሬን አወጣሁ። የቀዘቀዙትን እሽጎች አንድ በአንድ እያነሳሁ ውፍረታቸውን ለካሁ፤ የኩሽና ሚዛኔን ይዤ ስለነበር ሱቁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ መዘንኩ። ሰልፍ ተሠራብኝ። ያጉረመረመ አለ። አልቸኮልኩም። ሠላሳ ስድስት ግራም የምትመዝነውን መርጬ ከፍዬ ወጣሁ።

እሁድ ከሰዓት ነው። አይጧን በከረጢት እንዳለች ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሟሟሁ፣ ጭንቅላቷን ሞቅ ባለ ውሃ ነከርኩ፣ አደረቅሁ። እትዬ አስካለ ወንበር አምጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ። «እኔ ሳላይ አትጀምሪ» አሉኝ።

በረጅም ጉጠት ይዤ ወደ ሳጥኑ አስገባሁ። ኦሊቭ ምላሷን አወጣች። ከዚያ ልክ እንደዚያን ቀን ወደ ኋላ ሸሸችና ተጠቀለለች። አውጥቼ እንደገና አሞቅሁ። ሁለተኛም ዘጋችኝ። እትዬ አስካለ በሹክሹክታ «ግፊባት እንጂ» አሉኝ።

«አልገፋባትም።»

ለሦስተኛ ጊዜ አሞቅሁና ከሳጥኑ ጥግ፣ ከሷ ራቅ አድርጌ ያዝኩ። ክንዴ ዛለ። አልተንቀሳቀስኩም። ከተጠቀለለው መሐል ጭንቅላቷ ብቅ አለ። ቀስ እያለ መጣ። ቆመ። ከዚያ ዓይኔ ሊከተለው በማይችል ፍጥነት አይጧ ከጉጠቱ ተነጠቀች፤ ኦሊቭ ይዛ ተጠመጠመችባት። እትዬ አስካለ «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ብለው ብድግ አሉ። ውጣ ስትጨርስ ሆዷ ላይ የታየው መጠነኛ እብጠት ብቻ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሁለት ቀን ሳልነካት ጠበቅሁ፤ አልተፋችውም።

ያኔ ነው ለሚስ ሩት የደወልኩት። ማገገሚያ ቦታ ነበሩ። የአይጡን ነገር፣ ንክሻውን፣ ጥፋቴን፣ ሁሉን ነገርኳቸው። ይሰድቡኛል ስል «ስንት ግራም ናት?» አሉኝ።

«ሦስት መቶ ስድሳ አምስት።»

«እኔ መዝኛት አላውቅም፤ ሳስርባት ከርሜያለሁ» አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። ቆይተው ብቻቸውን መኖር እንደማይችሉ፣ የሚገቡበት ቦታም እንስሳ እንደማይቀበል ነገሩኝ። «ያንቺ ናት፤ ከፈለግሽ» አሉኝ። እፈልጋለሁ አልኩ።

አንባቢዎቼ፣ «ታዲያ በእባብ ተለወጥኩ ነው የምትይን?» ትሉኝ ይሆናል። በሉ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ ይህን ስጫት፣ ጣያት፣ ግፊባት ሲለኝ፣ ከነሱ አንዱም ግን ልኳን አልጠየቀኝም። ስህተቴን ያረምኩትም እነሱ ያሉኝን በመስማት ሳይሆን ሐኪሟ እንዳስተማረችኝ ራሴ በመለካት ነው። ከዚያ ወዲህ «እሺ» ከማለቴ በፊት እቆያለሁ። ዘመድ ሠርግ ላይ አብስዪ ሲለኝ ስችል እሺ፣ ሳልችል አይሆንም እላለሁ። ሰማይ አልወደቀም። ያኮረፈ አለ። አሁንም ያኮርፋል። እትዬ አስካለ ቤት ዛሬም አለሁ፤ ሳሎኑ ጥግ ስፌት መኪና ተክዬ የራሴን ደንበኛ ይዣለሁ። ኦሊቭ ስምንት መቶ ግራም አልፋለች።

የሰሚራ ሠርግ ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ሁሴን ናቸው፤ ብቻቸውን፣ በእጃቸው ብርቱካን ይዘው። አስገባኋቸው። ክፍሌ አንድ ወንበር ነው ያለው፤ ፊቱ ወደ መስታወቱ ነው። በሩ ላይ ቆሙ።

«ሸፍኚው» አሉኝ።

«አልሸፍንም ጋሼ። ከፈለጉ ወንበሩን ያዙሩት።»

ቆሙ። መጥተው የወንበሩን መደገፊያ ያዙ። ካርቶን ይዤ ባቡር ላይ ከተሳፈርኩበት ቀን ይልቅ ያኔ ልቤ መታ። ከዚያ ወንበሩን ሳያዞሩ ተቀመጡ። ብርቱካኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ኦሊቭን አዩና፣

«ምንድን ነው የምትበላው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ከነግራሙ።